የትልቅ ቤት እንጀራ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድን ወላጅ ‹‹ልጅዎ የት ነው የሚሠራው?›› ብሎ መጠየቅ ስለ ሥራው መጠየቅ አይደለም፤ ስለ ቤቱ መጠየቅ ነው። ልጁ እዚያ ገብቶ ምን እንደሚሠራ የሚያጣራ ሰው እምብዛም የለም። መልሱም ‹‹ሂሳብ ይመዘግባል›› ወይም ‹‹ሞተር ይፈታል›› ሳይሆን የአንድ ቤት ስም ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ‹‹አየር መንገድ››፣ ‹‹ቴሌ››፣ ‹‹ባንክ›› ከተባለ ወሬው እዚያው ላይ ያበቃ ነበር፤ ጠያቂው ራሱን ነቅንቆ ‹‹እሰይ!›› ይላል። ቀጥሎ ዘመኑ የኤንጂኦና የዩኤን ሆነ፤ ነጭ ላንድክሩዘር የሰፈሩን ኮረኮንች ሲወጣ ‹‹የእገሊት ልጅ መጣ›› ተባለ። አሁን ደግሞ ‹‹ጉግል ገባ››፣ ‹‹ማይክሮሶፍት ነው››፣ ‹‹አማዞን ወሰደው›› ሆኗል። እናቱ ጉግል የሚባለው ነገር ሰማይ ላይ ይሁን ምድር ላይ በቅጡ አያውቁ ይሆናል፤ ስሙን ሲጠሩ ግን ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

ለመቀለድ ብዬ አይደለም፤ የእናት ደስታ ቀልድ አይደለም። እኔን የሚያስቸግረኝ ከደስታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። ሰው የትልቅ ቤት እንጀራ ሲበላ ከእንጀራው ጋር ምን ምን አብሮ ይጎርሳል? ቤቱ መልካም ሲሠራ ‹‹እኛ ሠራነው›› የሚል ሰው፣ ቤቱ ሲያጠፋስ ‹‹እነሱ አጠፉ›› ማለት ይችላል?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተዘጋጁ መልሶች አሉ። አንደኛው ‹‹ደሞዝህን ተቀበል፣ አፍህን ዝጋ፣ ዘመዶችህን እርዳ›› ይላል። ሁለተኛው ‹‹እዚያ የሚሠራ ሁሉ የክፉዎች ሎሌ ነው›› ይላል፤ ይህንንም የሚለው በጉግል አንድሮይድ ስልኩ፣ በፌስቡክ ገጹ ላይ ነው። ሁለቱም ከማሰብ ስለሚገላግሉ ይመቻሉ፤ እኔ ግን ሁለቱንም አልወዳቸውም።

መልካሙን በማንሳት ልጀምር። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ስለ ገንዘብ ሲወራ አፍንጫችንን የመንፋት ክፉ አመል አለን። የጉግል እናት ኩባንያ የሆነው አልፋቤት ለአሜሪካ መንግሥት ባስገባው መግለጫ መሠረት፣ በ2022 (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) የመካከለኛው ሠራተኛው ጠቅላላ ክፍያ ወደ 280 ሺህ ዶላር ነበር። ይህን በብር ለመምታት አትሞክሩ፤ ካልኩሌተራችሁን ታሳቅቁታላችሁ። እዚህ ላይ ማሰብ ያለብን ስለ ቅንጦት አይደለም። አንድ የእኛ ልጅ እንዲህ ያለ ቤት ሲገባ ብቻውን አይገባም፤ ኩላሊቱን የሚያሳጥብ አጎት፣ የግል ኮሌጅ የምትከፍል እህት፣ የኮንዶሚኒየም ዕዳ ያለባት እናት፣ የዕድር ድንኳን የሚያዋጣ ሰፈር ተከትለውት ይገባሉ። ገንዘቡ የእሱ ሕሊና ላይ ሲመዘን የእነሱም ሕይወት አብሮ ሚዛኑ ላይ ነው። ይህን የማያውቅ ሞራል ሰባኪ የጠገበ ሰው ብቻ ነው።

ከገንዘቡ የበለጠ የሚያስቀናኝ ግን ሌላ ነገር አለ። ሲያትል የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪ አለኝ፤ ኮምፒዩተር ሳይንስ እያጠና የእኔን የሥነ ጽሑፍ መግቢያ ኮርስ እንደ ቅጣት የወሰደ ልጅ ነው። ከትልልቆቹ በአንዱ ከተቀጠረ ዓመታት አልፈዋል። እዚያ ማንም ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ሌላ ሰው መስመር በመስመር ሳያነብለት ሥራ ላይ አይውልም። የመጀመሪያው ሥራው አርባ አስተያየት ተጽፎበት እንደተመለሰለት ነገረኝ። ‹‹ጋሼ፣ አርባውም ስለ ሥራው ነው፤ ስለ እኔ አንድም የለም›› አለኝ። ይህን ስሰማ እውነቴን ነው ቀናሁ። ያስተማርኩበት አንድ ተቋም፣ ስሙ ይቅር፣ ደክሜ ያዘጋጀሁትን የማስተማሪያ ጽሑፍ ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ አሳድሮ አንድ አስተያየት ብቻ ይዞ ነበር የመለሰልኝ፤ ‹‹የዲፓርትመንት ማኅተም ይጎድለዋል››። ሥራህን ከልቡ አንብቦ ‹‹እዚህ ጋ ተሳስተሃል›› የሚልህ ሰው ማግኘት በሕይወት ብዙ ጊዜ የማይገጥም ክብር ነው። ትልልቆቹ ቤቶች ይህን ክብር የዕለት ተዕለት ሥራ አድርገውታል።

ፈተናቸውም ቢሆን የማን ልጅ እንደሆንክ አይጠይቅም። ‹‹አፍሪካ ቱ ሲሊኮን ቫሊ›› የሚባለው ሥልጠና በ2019 እዚህ ከተማ ሲጀመር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መብራት እየጠፋ እየመጣ በሂሳብና በስልተ ቀመር ጥያቄ ሲታገሉ ያዩ ሰዎች ያውቁታል። እርግጥ ነው፣ ዘመድ እዚያም ጨርሶ አይጠፋም። እዚያ ግን ዘመድ በሩን ያሳይህ ይሆናል እንጂ እጅህን ይዞ አያስገባህም። ‹‹ጉዳይህ በሂደት ላይ ነው›› ሲባል ላደገ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ወደ ግብሩ እንሂድ።

ስለ ካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ቤቶች ሲወራ ትዝ የሚለኝ የቤተ መንግሥት ግብር ነው። በአፄ ምኒልክ አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ቀን ይበላ ነበር። ግብሩ ግን ችሮታ ብቻ አልነበረም፤ የአገዛዝ ሥርዓት ነበር። መኳንንቱ ቀድመው ይቀመጣሉ፤ ሌላው እንደ ማዕረጉ ተራ በተራ ይገባል፤ መጨረሻ ላይ ተራው ወታደር ሲደርስ ሥጋውም ጠጁም የመጀመሪያው አይደለም። ግብር የበላ ሰው ነገ ነጋሪት ሲጎሰም ‹‹ጠቡ የማን ነው?›› ብሎ አይጠይቅም፤ በልቷልና ይዘምታል።

ጉግልም ወጥ ቤት ኃላፊ የቀጠረው በ1999 ነው፤ ሠራተኞቹ ገና መቶ ሳይሞሉ። ከዚያ ወዲህ ነፃ ምሳ፣ ነፃ እራት፣ ወስዶ የሚመልስ አውቶቡስ፣ ስፖርት ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ የዚህ መንደር ወግ ሆነ። ተማሪዬን ‹‹እራቱ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚቀርበው?›› አልኩት። ሳቀ። ‹‹ገባህ ጋሼ፤ ሰው ወደ ቤቱ ሊሄድ ካሰበበት ሰዓት ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው›› አለኝ።

ማዕረጉም አልቀረም። ጉግል ውስጥ የቋሚው ሠራተኛ ባጅ ነጭ ነው፤ በኤጀንሲና በኮንትራት የገባው ባጅ ቀይ ነው። በ2019 ኒውዮርክ ታይምስ ያገኘው ሰነድ እንዳሳየው፣ ኩባንያው 102 ሺህ ያህል ቋሚ ሠራተኞች ሲኖሩት 121 ሺህ ያህል ጊዜያዊና የኮንትራት ሠራተኞች ነበሩት። ማለትም ‹‹ጉግል ነው የምሠራው›› ከሚሉት መካከል ከግማሽ የሚበልጡት፣ ያ ሁሉ ስሙ የሚነገርለት አክሲዮንና ጥቅማ ጥቅም የማይደርሳቸው ነበሩ። ‹‹ልጄ ጉግል ገባ›› ለሚሉን እናት ‹‹ባጁ ምን ዓይነት ቀለም ነው?›› ብለን አንጠይቃቸውም፤ ነውር ነው። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

አክሲዮን ካልኩ አይቀር፣ ነገርየው እንዲህ ነው። ከወር ደሞዙ ሌላ የኩባንያው ድርሻ ይሰጣል፤ ግን በአንዴ አይሰጥም። ብዙውን ጊዜ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ በየወቅቱ የሚደርስ ነው። ከመድረሱ በፊት የለቀቀ ትቶት ይሄዳል። ገበሬ ከሆናችሁ ወይም የገበሬ ልጅ ከሆናችሁ ወዲያው ይገባችኋል፤ ማሳው ላይ እህል ያለው ሰው ጥሎ አይሄድም፣ ‹‹አዝመራው ይግባና›› ይላል። ልዩነቱ፣ የገበሬው አዝመራ አንድ ቀን ይገባል። እነዚህ ቤቶች ግን የአምናው ሳይታጨድ የዘንድሮውን ይዘሩልሃል፤ የዘንድሮው ሳይታጨድ የከርሞውን። ስለዚህ ማሳው ላይ እህል የሌለበት፣ መልቀቅ ‹‹የሚያዋጣበት›› ቀን አይመጣም። ማንም በሩን አልቆለፈብህም። በሩ ክፍት ነው፤ አንተ ነህ ዘወር ብለህ ማሳውን የምታየው።

ተማሪዬ አንድ ጊዜ ስለ ሥራው ሲነግረኝ፣ ‹‹ሰዎች አንድ ነገር ላይ ጣታቸውን ከማንሸራተታቸው በፊት ስንት ሰከንድ እንደሚቆዩ እንቆጥራለን። ያቺን ሰከንድ እናራዝማለን። ሦስት ዓመት የሠራሁት ይህንን ነው›› አለኝ። ‹‹ታዲያ ምን አለበት?›› አልኩት፣ ሆን ብዬ። ‹‹ምንም የለበትም፤ ችግሩም እሱ ነው። ምንም የሌለበት ነገር ነው የምሠራው፤ ሲጠራቀም ግን የሆነ ነገር ይሆናል። የሆነው ነገር ደግሞ የእኔ ጠረጴዛ ላይ አይታይም›› አለኝ። ከዚህ የበለጠ የገለጸው ፈላስፋ አላነበብኩም። የድሮው ባለሙያ ሥራው ከዓይኑ አይርቅም ነበር። ቀጥቃጩ ማረሻ ከሠራ እርሻው፣ ጎራዴ ከሠራ ቁስሉ እዚያው አገር ውስጥ ነው። ትልቁ ቤት ግን ሥራን በሺህ ቁራጭ ቆራርሶ ያከፋፍላል፤ ኃላፊነትም አብሮ ይቆራረስና ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የማይመዘን ያህል ይቀላል።

እዚህ ላይ ነው ያቺ የታወቀች ክርክር የምትመጣው፤ ‹‹እኔ ባልሠራው ሌላ ሰው ይሠራዋል››። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊልያምስ በ1973 በታተመ ጽሑፉ በዚህች ክርክር ላይ አንድ ታሪክ ፈጥሮ ነበር። ጆርጅ የሚባል የኬሚስትሪ ዶክተር ሥራ አጥቷል። ጤናው ደካማ ነው፣ ልጆች አሉት፣ ሚስቱ ቤቱን ለማኖር እየለፋች ነው። አንድ ወዳጁ የኬሚካልና የባዮሎጂ ጦር መሣሪያ የሚመረምር ቤተ ሙከራ ውስጥ ጥሩ ሥራ ያገኝለታል። ጆርጅ ይህን ዓይነት መሣሪያ ይቃወማል። ወዳጁ ግን ‹‹አንተ ብትቀር ቤተ ሙከራው አይዘጋም፤ ቦታውን የሚወስደው ሰው ደግሞ አንተን የሚከለክልህ ርኅራኄ የሌለው፣ ሥራውን በጋለ ስሜት የሚገፋ ሰው ነው›› ይለዋል። በሂሳብ ከሄድን ጆርጅ መግባት አለበት፤ ልጆቹ ይበላሉ፣ መሣሪያውም ይዘገያል። ዊልያምስ የሚያየው ሂሳቡ የረሳውን ነገር ነው። እያንዳንዳችን ሌላው ለሚያደርገው ሳይሆን እኛ ለምናደርገው በተለየ ሁኔታ ተጠያቂዎች ነን፤ ሰውን ከገዛ እምነቱ ላይ ነቅሎ ‹‹ድምሩ ጥሩ ነው›› ማለት ሰውየውን የድምር ማስተላለፊያ ቱቦ ማድረግ ነው።

ይህን ለብዙ ዓመት በሥነ ጽሑፍ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ የልብ ወለድ ገጸ ባሕርያት የሚሰበሩት ብዙውን ጊዜ እዚህች ነጥብ ላይ ስለሆነ። ተማሪዎች ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈላሉ። ከክፍሉ በስተኋላ የሚቀመጡት፣ ከክፍለ ሀገር የመጡትና ቤተሰብ የሚጠብቃቸው፣ ‹‹ይግባ›› ይላሉ። እኔ ‹‹አይግባ›› ባይ ነኝ፤ ሆኖም የኋላዎቹን ንቄ አላውቅም።

ደግሞም ‹‹ሌላ ሰው ይሠራዋል›› የሚለው ነገር ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በ2018 ጉግል ከአሜሪካ መከላከያ ጋር ‹‹ፕሮጀክት ሜቨን›› በሚባል ውል ድሮኖች ያነሱትን ምስል በሰው ሠራሽ ብልሃት የመለየት ሥራ ይዞ ነበር። ከሦስት ሺህ በላይ ሠራተኞች ‹‹እኛ የጦርነት ንግድ ውስጥ መግባት የለብንም›› የሚል ደብዳቤ ፈረሙ፤ ጥቂቶች ሥራቸውን ለቀቁ። ኩባንያው ውሉን እንደማያድስ አስታወቀ፤ በዚያው ጁን ‹‹ለመሣሪያና ዓለም አቀፍ ደንብን ለሚጥስ ስለላ አንሠራም›› የሚል መርህ አወጣ። ግብር የበሉት ሰዎች ነጋሪቱ ሲጎሰም ‹‹ጠቡ የማን ነው?›› ብለው ጠየቁ ማለት ነው። የጠየቁትም ቤቱ እነሱን በቀላሉ የማይተካበት ወቅት ስለነበረ ነው። እያንዳንዱ ሰው ራሱን እንደ አንድ ብቻ ከቆጠረ እርግጥ ምንም አይደለም፤ ሦስት ሺህ ሰው እንደዚያ መቁጠሩን ሲተው ግን ያ ‹‹ሌላ ሰው›› የተባለው ከየት ይመጣል?

ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያበቃ እኔም ብዕሬን እከድን ነበር። አላበቃም። በ2024 ኤፕሪል ኩባንያው ከእስራኤል መንግሥት ጋር ያለውን ‹‹ኒምበስ›› የተባለ ውል በመቃወም ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብለው ሰልፍ ያደረጉ ሠራተኞችን አባረረ፤ መጀመሪያ 28፣ ቀጥሎ ደግሞ ሌሎችን። በ2025 ፌብሯሪ ላይ የ2018ቱን የመሣሪያና የስለላ ቃል ከመርሆቹ ውስጥ አወጣው። በሰባት ዓመት ውስጥ ያው ቤት፣ ያው ወጥ ቤት፤ የሠራተኛው ቃል ክብደት ግን ያው አልሆነም። እዚያ ገብቼ ከውስጥ አስተካክላለሁ የሚል ወጣት ካለ ይህን ታሪክ ከሁለቱም ጫፍ ያንብበው።

የእኛን አገር ልጅ ታሪክም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ትምኒት ገብሩ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ ፊትን አይተው ፆታ የሚለዩ የትልልቅ ኩባንያዎች ፕሮግራሞች ቆዳቸው ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ፣ ቆዳቸው ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ግን ስሕተቱ ከአንድ በመቶ በታች መሆኑን አሳየች። ጉግል የሥነ ምግባር ጥናት ቡድን መሪ አድርጎ ይዟት ነበር። በ2020 ዲሴምበር ስለ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች አደጋ ከሌሎች ጋር በጻፈችው ጽሑፍ ሰበብ ተለያዩ፤ እሷ ተባረርኩ ትላለች፣ ኩባንያው ለቀቀች ይላል። ከአንድ ዓመት በኋላ የራሷን የምርምር ተቋም መሠረተች። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ጀግንነቷን ብቻ አይደለም። አንድ ቤት ‹‹ስሕተቴን ንገሪኝ›› ብሎ ደሞዝ ከፍሎ ሰው ቀጥሮ፣ ስትነግረው መታገሥ አቃተው። ደሞዝ የመናገር ነፃነት ዋስትና አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

በአማርኛ እንዲህ ያለውን ሰው የምንሰድብበት ቃል አለን፤ ‹‹የበላበትን ወጪት ሰባሪ››። ከባድ ስድብ ነው። በ2021 ፍራንሲስ ሃውገን የተባለችው የፌስቡክ ሠራተኛ የኩባንያውን የውስጥ ሰነዶች ይዛ ወጥታ ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር፣ የኢትዮጵያን ስም ከምያንማር ጋር አብራ አንስታለች። የእኛ አነጋገር ፍርዱን ያስቀምጥላታል፤ ወጪት ሰባሪ። እኔ ግን ይህን አባባል እንደገና ብናየው ደስ ይለኛል። በወጪቱ ውስጥ ያለው ወጥ የማን ነው? የኩባንያው ብቻ ከሆነ ስድቡ ይገባል። ወጡ ውስጥ የሌላ ሰው ሕይወት ካለበትስ?

አለበት ወይ? ይህን መልስ የሚፈልግ ፍርድ ቤት አለ። በ2021 ኖቬምበር አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ፌስቡክ ላይ ስማቸውና ፎቷቸው ከጥላቻ ቃል ጋር ከተለጠፈ በኋላ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ልጃቸው ልጥፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው ባመለክትም በጊዜው የሰማኝ የለም ብሎ በ2022 ዲሴምበር ከሌሎች ጋር ሆኖ ናይሮቢ ላይ ሜታን ከሰሰ። ኩባንያው ‹‹የኬንያ ፍርድ ቤት እኔን አያየኝም›› ብሎ ተከራከረ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2025 ኤፕሪል ‹‹አያለሁ›› አለ።

እዚያው ናይሮቢ ውስጥ ደግሞ፣ ሳማ በተባለ ሥራ ተቋራጭ ሥር፣ የእኛንም አገር ሰዎች ጨምሮ ከብዙ አገር የመጡ ወጣቶች ቁጭ ብለው የሬሳና የደም ቪዲዮ እያዩ ሲያጣሩ ኖረዋል። ታይም መጽሔት በ2022 እንደዘገበው የአንዳንዶቹ ክፍያ በሰዓት አንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ያህል ነበር። በ2024 መጨረሻ በፍርድ ቤት ክርክሩ የቀረበ የሕክምና ማስረጃ ከ140 በላይ የሚሆኑት ከባድ የአእምሮ ጉዳት እንደደረሰባቸው አመለከተ። ከላይ ስለ አልፋቤቱ 280 ሺህ ዶላር ጻፍኩ፤ ሜታም ለቋሚ ሠራተኛው የሚከፍለው ከዚያ አያንስም። ግብሩ አንድ ነው፤ የአዳራሹ ጫፍ ግን ናይሮቢ ድረስ ይዘልቃል። ነጠላቸውን ያስተካከሉልን እናት ልጅ የአዳራሹ ራስጌ ተቀምጦ ይሆናል። በግርጌው የተቀመጠችውም የሌላ እናት ልጅ ናት፣ በአማርኛ የተጻፈ የግድያ ጥሪ እያነበበች።

ለዚህ ነው ‹‹ሁሉም ይልቀቅ›› የሚለውን የማልቀበለው። እንደ አማርኛ ያለ ቋንቋ ተናጋሪ እዚያ ራስጌ ላይ አንድ እንኳን ባይኖር፣ ያ ልጥፍ ምን እንደሚል የሚያውቅ ሰው ስብሰባው ውስጥ የለም ማለት ነው። አልበርት ሂርሽማን በ1970 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ድርጅት ሲበላሽ ሰው ሁለት መንገድ አለው ብሎ ነበር፤ መውጣት ወይም መናገር። ለእኔ ሦስተኛው ነው የሚያሳስበኝ፤ ሳይወጡም ሳይናገሩም ‹‹ከውስጥ ሆኜ›› እያሉ ዓመት መቁጠር። ከውስጥ ነኝ የሚል ሰው ከውስጥ ምን እንዳለ በቀንና በሰዓት መናገር ካልቻለ፣ እሱ ማሳውን ነው የሚጠብቀው።

ለቤቱ ምን ያህል ታማኝነት እንዳለብን ደግሞ ቤቱ ራሱ በ2023 ጃንዋሪ አስረዳን። ጉግል 12 ሺህ፣ ማይክሮሶፍት 10 ሺህ፣ አማዞን 18 ሺህ ሠራተኛ እንደሚቀንሱ በዚያው ወር አስታወቁ፤ ሜታ ሁለት ወር ቀደም ብሎ 11 ሺህ ቀንሶ ነበር። ብዙዎቹ የጉግል ሠራተኞች መሰናበታቸውን ያወቁት ከእንቅልፍ ነቅተው የሥራ ኢሜይላቸው አልከፍት ሲላቸው ነው። በኤች-ዋን-ቢ ቪዛ ያለ ሰው ሌላ ቀጣሪ ለማግኘት ወይም ሌላ መፍትሔ ለመፈለግ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። አሥር ዓመት ያገለገለም፣ ዓመት ያልሞላውም ያው አንድ ኢሜይል። ይህን ኩባንያዎቹን ለመኮነን አላነሳሁትም፤ ውል ውል ነው፣ ሥራ ይቀጠራል ይቀነሳል። ያነሳሁት ‹‹ቤተሰብ ነን›› እየተባለ የሚወራውን ሰምተው የራሳቸውን ሕሊና ለቤቱ አደራ ለሰጡት ነው። ምኒልክ እንኳን ግብር ያበላውን ሰው በነጋታው በደብዳቤ አያሰናብትም ነበር።

አንዳንድ ወዳጆቼ ‹‹ታዲያ ትንሽ ኩባንያ ይሻላል፣ አገር ቤት ይሻላል›› ይሉኛል። ተው እንጂ! ትንሽ ቤት ውስጥ ደሞዝ ሦስት ወር ይዘገያል፤ የአለቃው ባለቤት የሂሳብ ሹም ናት፤ ጡረታህ ተቆርጦ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ቅሬታ ለማን ታቀርባለህ? ትንሽነት ንጽህና አይደለም። መንግሥት መሥሪያ ቤትም ቢሆን ፈርመህ የምታስተላልፈው ወረቀት የማንን ቤት እንደሚያፈርስ ሳታውቅ ትፈርማለህ። ትልቁን ቤት የሚለየው፣ የሚያጠፋው ሲያጠፋ በቢሊዮን ሰው ላይ መሆኑና የሚያጠፋው ሰው ግን ጥፋቱን በዓይኑ አለማየቱ ነው።

ተማሪዬ ባለፈው ዓመት ‹‹ልልቀቅ ወይ?›› ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔ በማላውቀው ደሞዝ ላይ ‹‹ልቀቅ›› ማለት ቀላል ስለሆነ አላልኩትም። ‹‹በደሞዝህ ስንት እጁ ትኖራለህ?›› አልኩት። ‹‹በሙሉው›› አለኝ፤ የቤት ዕዳ፣ የመኪና ዕዳ፣ ሰበታ ላይ የተጀመረ ፎቅ። ‹‹እንግዲያው አሁን ልልቀቅ ወይ የሚል ጥያቄ የለህም፤ መጀመሪያ ጥያቄውን የምትጠይቅበትን አቅም ግዛ›› አልኩት። ፎቁን በሁለተኛው ወለል ላይ አቁሞታል። ከዚያ ሰከንድ ከሚያራዝመው ክፍል ወጥቶ፣ ማየት የተሳናቸው ሰዎች ስልክ የሚጠቀሙበትን ድምፅ ወደሚያሻሽል ክፍል ተዛውሯል። ዕድገት አጥቷል። የቤቱ እንጀራ ያው እንጀራ ነው፤ ምጣዱን ነው የለወጠው። ይህ በቂ ነው አይደለም፣ እሱም አልወሰነም፣ እኔም አልወሰንኩለትም።

አሁን ለፈተናው ለሚዘጋጁት ልጆች አንድ ነገር። የእነዚህ ቤቶች ቃለ መጠይቅ ሲያልቅ ጠያቂው ሁልጊዜ ‹‹አንተስ የምትጠይቀን ነገር አለህ?›› ይላል። የእኛ ልጆች ይሉኝታ ይዟቸው አብዛኛውን ጊዜ ‹‹የለኝም፣ አመሰግናለሁ›› ብለው ነው የሚወጡት። አይውጡ። ‹‹ከዚህ ክፍል መጨረሻ የለቀቀው ሰው ለምን ለቀቀ?›› ይበሉ። ከዚያ የሚመልሰውን ሰው ቃል ትተው ፊቱን ይዩ።